ነቀለ፣ ፈነቀለ፣ ነጠቀ፦ በጉልበት የማውጣት ቃላትና የዕለት አጠቃቀማቸው

በዚህ ክፍል የምናቀርብላችሁ የቋንቋ ትምህርት ነው። ይህን ጥናት እንድንጀምር ያነሣሣን የሠራነው ስሕተት ስለሆነ ከእርሱ እንነሣ።

ባለፈው ክረምት በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ የተተከሉትን የጽድና የወይራ ችግኞች ለመንከባከብ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን ነበር። ችግኞቹ ገና ከስንዝር አላለፉም፤ ሣሩ ግን ውጧቸዋል። ሥራውን የሚያሳዩን አባት፣ «ልጆች፣ ከችግኙ ሥር ያለውን ሣር በእጃችሁ ንጩ፤ እንዳትነቅሉ አደራ!» ብለውን ወደ ጉዳያቸው ሄዱ። በገጠር ያደጉት ጥቂቶቻችን ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከተማ ተወልደን ከተማ ያደግነው ግን፣ «መንጨትና መንቀል ምን ልዩነት አላቸው? ሁለቱም ሣሩን ማስወገድ አይደለም ወይ?» ተባብለን ሣሩን ከነሥሩ እየጎተትን እናወጣ ጀመር። ለካስ የሣሩ ሥር ከችግኙ ሥር ጋር ተጠላልፎ ኖሯል። አባታችን ሲመለሱ ሠላሳ ያህል ችግኝ ከነአፈሩ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ አገኙ። አልተቆጡንም። አንዱን ችግኝ አንሥተው ሥሩን እያሳዩን፣ «እኔ የነገርኋችሁ ስለ ሣሩ ጫፍ ነበር፤ እናንተ የሰማችሁት ስለ ሥሩ ነው» አሉን። መልሰን ከተከልናቸው መካከል የጸደቁት ከግማሽ ያንሳሉ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የጥናት ክፍላችን አንድን ነገር በኀይል ማውጣትን የሚገልጹ የአማርኛ ቃላትን ይሰበስብ ጀመር። አባቶችንና እናቶችን ጠየቅን፤ እርስ በርሳችንም ተከራከርን። በመጨረሻ የደረስንበት ይህ ነው፦ እነዚህ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ የሚገባ ተመሳሳይ ቃላት አይደሉም። እያንዳንዱ ቃል ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ይዟል። ምን ወጣ? ከምን ወጣ? የማን እጅ አወጣው? ቃሉን ስናሳስት መልሱንም እናሳስታለን። ይህ ስሕተት አንዳንድ ጊዜ ችግኝ ያደርቃል፤ አንዳንድ ጊዜም ከዚህ በታች እንደምናየው ሰውን ይጎዳል።

ሀ/ «አወጣ» ብቻውን አይበቃም

«አወጣ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። ከኪስ ገንዘብ ይወጣል፤ ከሣጥን መጽሐፍ ይወጣል፤ ከጉድጓድ ውኃ ይወጣል። ቃሉ ኀይል ይኑር አይኑር አይናገርም። ስለዚህ አማርኛችን የአወጣጡን መንገድ ለመናገር ሲፈልግ ሌላ ግስ ከፊቱ ያስቀድማል። ለምሳሌ ያህል፦

ጎትቶ አወጣ፤ ስቦ አወጣ፤ መዝዞ አወጣ፤ ነቅሎ አወጣ፤ ፈልቅቆ አወጣ፤ ቆፍሮ አወጣ፤ ጎልጉሎ አወጣ፤ ፈንቅሎ አወጣ።

በእነዚህ ሁሉ ሁለተኛው ቃል አንድ ነው፤ ሥዕሉን የሚሥለው የፊተኛው ነው። «ጎተተ» ስንል የሚወጣው ነገር መሬት እየነካ፣ እየከበደ፣ አንዳንዴም እንቢ እያለ ነው። «ሳበ» ግን ለስለስ ይላል፤ ገመድ ይሳባል፤ ጋሪ ይሳባል። ቃሉ በግእዝ «ሰሐበ» ነው፤ የመሬት «ስበት» የምንለውም ከዚሁ የመጣ ነው። «ጎለጎለ» ደግሞ በውስጥ ያለውን ሁሉ ሳይመርጡ ወደ ውጭ ማውጣት ነው፤ የታረደ በግ ሆድ ዕቃ ይጎለጎላል፤ ቁልፍ የጠፋባት እናትም ቦርሳዋን ትጎለጉላለች።

ከዚሁ ከ«አወጣ» ሁለት ጥሩ ቃላት ተወልደዋል። አንዱ «አውጣጣ» ነው፤ በጥያቄ ብዛት፣ በዘዴም፣ ጥቂት በጥቂት ምሥጢር ማውጣት። ሁለተኛው «ተውጣጣ» ነው፤ «ከልዩ ልዩ ክፍሎች የተውጣጡ ወጣቶች» እንላለን፤ በዚህኛው ምንም ግዴታ የለበትም።

ለ/ ሥር ያለውን ማውጣት

በዚህ ረድፍ የመጀመሪያው «ነቀለ» ነው። በግእዝም በአማርኛም አንድ ነው። ትክክለኛ ተቃራኒው «ተከለ» ስለሆነ፣ የተተከለ ነገር ሁሉ ይነቀላል፤ ችግኝ ይነቀላል፤ ችካል ይነቀላል፤ ድንኳን ይነቀላል። ሶምሶን የጋዛን በር ከነመቃኑ ነቅሎ በትከሻው እንደተሸከመ መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 16 ይነግረናል። ቀጥሎም የተመታና የተሰካ ነገር ወደዚህ ገባ፤ ምስማር ይነቀላል፤ የኤሌክትሪክ ሶኬትም ይነቀላል። ዛሬ በየቤቱ «ቻርጀሩን ንቀለው» ሲባል የሚሰማው ይኸው ጥንታዊ ቃል ነው።

ጥርስ ሁለት ቃል አለው። ሐኪም በጉጠት ሲያወጣው «ነቀለ» ይባላል፤ በጥፊ ወይም በቡጢ የወጣ ከሆነ ግን «አወለቀው» ይባላል። ማውለቅ የተገጠመን ነገር ከመገጣጠሚያው ማስለቀቅ ነውና፤ ልብስና ጫማም ይወልቃሉ፤ የወደቀ ልጅ ክንድም ይወልቃል። እንግዲህ «ጥርሱን ነቀለው» እና «ጥርሱን አወለቀው» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የሐኪም ቤትና የፖሊስ ጣቢያ ያህል ነው።

«ነቅሎ ወጣ» የሚለውም አነጋገር ደስ ይላል። «አገሩ ነቅሎ ወጣ» ስንል የቀረ ሰው የለም፣ ሥርም አልቀረ ማለታችን ነው። ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ ይህን በዐይናችን እናያለን። በፖለቲካው ቋንቋም «ሥር ነቀል ለውጥ» የሚለው አነጋገር ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ጋር በሰፊው ተሰማ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ብዙ ጊዜ በዚህ ቃል ይገለጻል። ቅርንጫፍ መቁረጥ ሳይሆን ሥሩን መንቀል ማለት ነው። ቃሉ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የተነቀለውን ችግኝ ያየ ያውቀዋል።

የበቅሎዋን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ገመድ «ይበጠሳል» እንጂ አይነቀልም፤ ችካሉ ግን ይነቀላል። ገመዱን የበጠሰች በቅሎ ቁራጩን አንገቷ ላይ ይዛ ትሄዳለች፤ ችካሉን የነቀለች በቅሎ ግን ሁሉንም እየጎተተች ትሄዳለች።

«መነገለ» የነቀለ ታላቅ ወንድም ነው። ችግኝ አይመነገልም፤ የሚመነገለው ትልቅ ዛፍ ነው፤ ሥሩ አፈሩን ተሸክሞ ሲገለበጥ። ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ጎርፍና ነፋስ ነው።

«ገነጠለ» እና «ዘነጠለ» ግንዱን ትተው ቅርንጫፍ የሚወስዱ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ለመያዝ እንዲመቸን እንዲህ ብለን አጠናነው፦ ቅርንጫፍ ይገነጠላል፤ ችግኝ ይነቀላል፤ ዛፍ ይመነገላል፤ ድንጋይ ይፈነቀላል።

«ነጨ» እኛን ያሳፈረን ቃል ነው። ሥሩን ትቶ ጫፉን በጣት እየያዙ መበጠስ ነው። ሣር ይነጫል፤ ጸጉር ይነጫል። ቀድሞ በለቅሶ ጊዜ ሴቶች ፊታቸውን «ይነጩ» ነበር ሲባል እንሰማለን፤ ያም በጥፍር ቆዳን መቧጨርና መላጥ ነው፤ አባቶች ይህን ልማድ ሲቃወሙት ኖረዋል።

«ቀጠፈ» ከሁሉ የቀለለ ነው። አበባ፣ እሸት፣ ጤና አዳም፣ ጎመን በሁለት ጣት ይቀጠፋል። ደቀ መዛሙርት በሰንበት እሸት ቀጥፈው እንደበሉ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 እናነባለን። ነገር ግን ይህ ቀላል ቃል ሁለት ከባድ ትርጉሞች አሉት። ሰው በወጣትነቱ ሲሞት «በአጭር ተቀጠፈ» እንላለን። የሚዋሽ ሰው ደግሞ «ቀጠፈ» ይባላል፤ ውሸቱም «ቅጥፈት» ነው። ውሸትና አበባ ምን አገናኛቸው? እኛ እንደተወያየነው፣ የተቀጠፈ አበባ ለጊዜው ያምራል፤ ግን ሥር የለውም፤ ቢውል ቢያድር ይጠወልጋል። ውሸትም እንዲሁ ነው።

«ሸመጠጠ» ቅርንጫፉን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማራገፍ ነው። ቡና የሚለቅም ሰው ቀዩን ብቻ እየመረጠ ካልለቀመና ከሸመጠጠው፣ አረንጓዴውም ቀዩም አብሮ ይወርዳል፤ የቡናው ጥራት ይቀንሳል፤ ቅርንጫፉም ይጎዳል። ይህም ቃል ወደ አፍ ገብቷል፤ «ሸምጥጦ ካደ» እንላለን። የሚቀጥፍ ሰው አንዷን እውነት ይወስዳል፤ የሚሸመጥጥ ሰው ግን በግንዱ ላይ አንዲት ቅጠል አያስቀርም።

ሐ/ የተሰካና የተቀበረን ማውጣት

«መዘዘ» ቀጥ ያለ፣ ረጅም ነገርን ከያዘው ነገር ውስጥ ማውጣት ነው። ሰይፍ ከሰገባው ይመዘዛል፤ ጴጥሮስ በጌቴሴማኒ ያደረገው ይህን ነው። ክርም ከጋቢ ይመዘዛል። አንዲት ክር ቢመዝዟት ግን በዚያው አትቆምም፤ አጠገቧ ያለችውን ታሳሳለች፤ ጥለቱ ይጨማደዳል፤ ሽመናው ይላላል። «መዘዝ» የምንለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። «የነገር መዘዝ» ማለት አንዱን ስትስበው እየተከተለ የሚመጣ ጣጣ ነው። በየስብሰባው የቆየ ነገር የሚመዝ ሰው አንዲት ክር ብቻ የያዘ ይመስለዋል።

«ነቀሰ» ጥቃቅኑን የማውጣት ቃል ነው። እሾህ በወረንጦ ወይም በመርፌ ይነቀሳል፤ ከጠፋም እሾህን በእሾህ ነው። «ንቅሳት» የምንለው ጌጥም ቆዳን በመውጋት ስለሚሠራ ከዚሁ ቃል ስሙን አገኘ። በጽሑፍ ሥራ ደግሞ «ስሕተቱን ነቅሶ አወጣ» እንላለን፤ በጣም ጥሩ አነጋገር ነው። ስሕተትን የሚነቅስ ሰው እሾሁን እንጂ እግሩን አይቆርጥም። ወንድሙን ሲያርም የሚነቅልና የሚነቅስ ሰው እንዳለ ሁላችን አይተናል።

«ፈለቀቀ» የተጣበቀን ወይም የተዘጋን ነገር ለሁለት እየከፈሉ ማላቀቅ ነው። ጥጥ ከፍሬው ይፈለቀቃል፤ የታመመ ሕፃን ጥርሱን ነክሶ መድኃኒት እንቢ ሲል አፉ ይፈለቀቃል። በዚህ ቃል ውስጥ ሁልጊዜ የሚዘጋና የሚከፍት፣ ሁለት የሚታገሉ ጉልበቶች አሉ።

«ፈነቀለ» ለከባድ ነገር ነው። መሬት ውስጥ የተቀመጠ ድንጋይ በእጅ አይነቀልም፤ ድጅኖ ከሥሩ ይገባና ተጭኖ ያነሣዋል። ያ ነው መፈንቀል። ኀይሉ የሚመጣው ከታች ነው። በርም እንዲሁ ከማጠፊያው ይፈነቀላል። «መፈንቅለ መንግሥት» የተባለው ቃል ከዚህ ሥር ወጣ፤ ከተቀመጠበት ላይ ከሥሩ ገብቶ መገልበጥ ማለት ነው። በአገራችን ታሪክ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እና በግንቦት 1981 ዓ.ም. የተደረጉት ሁለት ሙከራዎች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ሁለቱም አልተሳኩም። የድጅኖውን ሥራ ያየ ሰው ቃሉ እንዴት እንደተመረጠ ያደንቃል።

መ/ ባለቤት ያለውን መውሰድ

እስካሁን ያየናቸው ቃላት አብዛኞቹ የዕቃና የተክል ናቸው። አሁን ወደ ሰው እጅ እንመጣለን፤ እዚህ ላይ ቃል ማሳሳት ኀጢአት ሊሆን ይችላል።

«ሰረቀ» ያለ ባለቤቱ ዕውቀት መውሰድ ነው፤ ጉልበት የለበትም። «ቀማ» ባለቤቱ እያየ፣ እያስፈራሩ ወይም እያስገደዱ መውሰድ ነው። «ነጠቀ» ድንገት፣ በፍጥነት፣ ከእጅ ላይ መውሰድ ነው። «ዘረፈ» ብዙ ሆነው ብዙ ንብረት መውሰድ ነው። «መነተፈ» እና «ሞጨለፈ» የፈጣን ጣት ቃላት ናቸው፤ ጭልፊት ጫጩት ትሞጨልፋለች፤ በታክሲ መስኮት ሞባይል የሚወስድም «መንታፊ» ይባላል። ሕጉም ልዩነቱን ያውቃል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትንና ውንብድናን ለይቶ ይደነግጋል፤ ኀይል ወይም ዛቻ የተጨመረበት ውንብድና ቅጣቱ የከበደ ነው።

ዓሣ የሚያዝበት «መንጠቆ» ከ«ነጠቀ» ጋር አንድ ቤተ ሰብ ነው። በግእዝ ደግሞ የነጠቀ አቻ «መሠጠ» ነው። «ተመስጦ» የምንለው የጸሎትና የአሳብ ሁኔታ ከእርሱ መጣ፤ ልብ ካለበት ተነጥቆ ወደ ላይ ሲሄድ ማለት ነው። እንዲህ አንዱ ቃል ለተኩላም ለጸሎትም ይሆናል።

አሁን ከመካከላችን የተፈጸመውን እንናገር። በአንድ የሥራ አመራር ስብሰባ ላይ የመዘምራን ልብስ የሚቀመጥበት ሣጥን መከፈት ነበረበት። ቁልፉ በአንዲት እኅታችን እጅ ነው። እርሷ ታመነታ ነበር፤ ሰዓቱ ረፍዷል። አንድ ወንድማችን ቁልፉን ይዞ ሄዶ ሣጥኑን ከፈተ። ቃለ ጉባኤ የያዘው ጸሐፊያችን በችኮላ፣ «ቁልፉን ነጥቆ ሣጥኑን ከፈተ» ብሎ ጻፈ። ቃለ ጉባኤው በሚቀጥለው ሳምንት በጉባኤ ተነበበ። ማንም ቃሉን አልነቀሰም። ያ ወንድማችን ግን አቀርቅሮ ወጣ፤ ሁለት ወር ሙሉ አልመጣም። እኛም፣ «ድሮም ቁጡ ነበር» እየተባባልን በቃሉ ላይ ሌላ ቃል እንጨምር ጀመር።

በመጨረሻ ከአባላቱ አንዷ ቀላል ጥያቄ ጠየቀች፦ «እኅታችንን ጠይቀናታል ወይ?» ማንም አልጠየቃትም ነበር። ስትጠየቅ፣ «ኧረ አልነጠቀኝም! እጁን ዘረጋ፤ እኔም ሰጠሁት። በቃለ ጉባኤው ስሰማ ደነገጥሁ፤ ግን ከሁሉ በፊት ተነሥቶ መናገር ፈርቼ ዝም አልሁ» አለች።

እንግዲህ ተመልከቱ። የተፈጸመው ድርጊት «ተቀበለ» ነበር። «ወሰደ» ቢባል እንኳ ያስኬዳል። «ነጠቀ» የሚለው አንድ ቃል ግን ያልነበረ ጉልበት ጨመረ፤ ሰጪዋን ተበዳይ፣ ተቀባዩን በዳይ አደረገ። እውነት የመሰለ ግን ሥር የሌለው ቃል፣ ቀደም ብለን «ቅጥፈት» ያልነው ነው፤ ሳናስበው ቀጣፊዎች ሆንን። ጸሐፊያችን በጉባኤ ፊት ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ቃሉም ተሰርዞ ታረመ። ወንድማችን ተመልሷል። ሁለቱ ወር ግን አልተመለሰም።

ሠ/ ቃሉ ሲቀልልስ?

ከላይ ያየነው ቃል ሲከብድ ነው። ሲቀልልም እንደዚሁ ይጎዳል፤ ይህን ያስተማሩን አንዲት እናት ናቸው።

ከሩቅ አካባቢ በግጭት ምክንያት ወጥተው በአቅራቢያችን ለተጠለሉ ወገኖች ልብስና ብርድ ልብስ አሰባስበን ነበር። በካርቶኖቹ ላይ፣ «ቀያቸውን ለቀው ለመጡ ወገኖቻችን» ብለን ጽፈናል። ስናከፋፍል እኒያ እናት ጽሑፉን ቆመው አነበቡና እንዲህ አሉን፦

«ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ቃል ግን አርሙልኝ። ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ጭኖ፣ በሩን ቆልፎ፣ ጎረቤቱን ተሰናብቶ ነው። እኔ የለቀቅሁት ነገር የለም። ያቦካሁት ሊጥ እንኳ እዚያው ቀርቷል።»

መልስ አልነበረንም። «ለቀቀ» የሚለው ቃል ፈቃድ አለበት፤ የያዘው እጅ ሲከፈት ነው። «ተፈናቀለ» ግን የድንጋዩ ቃል ነው። የሆነ ድጅኖ ከሥር ገብቷል፤ የሆነ ሰውም ድጅኖውን ይዟል። ድንጋዩ የነበረበት ቦታም ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። «ተፈናቃይ» የሚለውን ቃል በየዜናው ስለሰማነው ለጆሯችን ተራ ሆኗል፤ የምድብ ስም እንጂ ሥዕል አልመስል ብሎናል። እኒያ እናት ሥዕሉን መለሱልን።

እዚህ ላይ አንድ የሰዋስው ነገር እንጨምር። «ተነቀለ፣ ተነጠቀ፣ ተፈናቀለ» በሚሉት ቃላት መጀመሪያ ላይ ያለችው «ተ» አድራጊውን ትሸሽጋለች። ነገሩ የደረሰበትን እናያለን፤ ያደረሰውን አናይም። «አ» ስትገባ ግን አድራጊው ብቅ ይላል፦ «አፈናቀለ»። «ሰዎች ተፈናቀሉ» እና «ሰዎችን አፈናቀሉ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ፊደል ይመስላል፤ በፍርድ ቀን ግን ትልቅ ልዩነት ነው። አድራጊውን ሳናውቅ ስም መስጠት ቅጥፈት ነው፤ እያወቅን «ለቀቁ» ማለት ደግሞ ሽምጠጣ ነው።

ረ/ በጎ የሆነ ጉልበት

ጉልበት ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በአማርኛ «አስጣለ» የሚል ድንቅ ቃል አለ። ጅብ የያዘውን በግ እረኛው ጮኾ፣ ተከትሎ፣ ታግሎ ያስጥላል። ዳዊት ለሳኦል ሲናገር ከአንበሳና ከድብ አፍ ጠቦት እንዳስጣለ በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 17 ተጽፏል። ነጣቂውም አስጣዩም ጠቦቱን በኀይል ይስባሉ፤ የሚለያያቸው ጠቦቱ ወዴት እንደሚሄድ ነው።

ከዚህም ሁሉ ይልቅ የምንወደው ምሳሌ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 ያለው ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በጉድጓድ ተጣለ፤ ጉድጓዱ ውኃ አልነበረበትም፤ ጭቃ ግን ነበረበት፤ ነቢዩም ጭቃው ውስጥ ገባ። ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ወደ ንጉሡ ሴዴቅያስ ሄዶ ለመነለት፤ 30 ሰዎችም ተሰጡት። ጉልበት እንግዲህ ሞልቷል። ነገር ግን አቤሜሌክ ወዲያው ገመድ ወርውሮ አልጎተተም። አስቀድሞ ያረጀ ጨርቅና እላቂ ልብስ ፈልጎ በገመድ አወረደለትና፣ ገመዱ እንዳይቆርጠው ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርግ ነገረው። ከዚያ በኋላ ሳቡት፤ አወጡትም።

ያለ 30 ሰዎች ጉልበት ነቢዩ ከጭቃው አይወጣም ነበር። ያለ እላቂው ጨርቅ ደግሞ ቆስሎ ይወጣ ነበር። በቃል ላይም እንዲሁ ነው። እውነትን ለማውጣት ጉልበት ያስፈልጋል፤ «ነጠቁ» ማለት ሲገባን «ወሰዱ»፣ «ተፈናቀሉ» ማለት ሲገባን «ለቀቁ» ማለት የለብንም። ነገር ግን ከገመዱ ጋር ጨርቅ እናውርድ። እንክርዳዱን ለመንቀል የቸኮሉትን አገልጋዮች ጌታቸው ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል የከለከላቸው ስለዚህ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው በደረቁት ችግኞች ነው።

በዚህ ክረምት እንደገና እንተክላለን። ያ አባታችን ዘንድሮ «ንጩ» ሲሉን ምን እንደምናደርግ እናውቃለን።

የመልመጃ ጥያቄዎች (በቡድን ሆናችሁ ተወያዩባቸው)

1. በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ባዶ ቦታ ላይ ተስማሚውን ቃል አስገቡ፦ (መዘዘ፣ ነቀሰች፣ መነገለው፣ አወለቀው፣ አስጣለ)
   ሀ) እናቴ ከእግሬ ላይ እሾህ ______።
   ለ) የትናንቱ ጎርፍ ትልቁን ዋርካ ______።
   ሐ) እረኛው ግልገሉን ከቀበሮ አፍ ______።
   መ) በጠብ መካከል ጥርሱን ______።
   ሠ) የቆየውን ነገር በጉባኤ መካከል ______።

2. «ወሰደ፣ ተቀበለ፣ ነጠቀ፣ ቀማ፣ ሰረቀ» በሚሉት አምስት ቃላት ስለ አንድ መጽሐፍ አምስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ። በእያንዳንዱ ውስጥ የመጽሐፉ ባለቤት ምን እንዳደረገና ምን እንደተሰማው አስረዱ።

3. በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ሰው የተናገራችሁትን አንድ ከባድ ወይም አንድ ቀላል ቃል አስታውሱ። ቃሉ ከእውነቱ ጋር ተመዛዛኝ ነበር? ካልነበረ፣ ሰውየው ዘንድ ሄዳችሁ አርሙት። ለዚህኛው ጥያቄ መልሱን ለእኛ መንገር አያስፈልግም።